1,802 ሰው አልተቃጠለም

ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እሑድ ስለ እስፔን ጠንቋዮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ዓይኔን ስላላመንኩ ነው። ኢንኩዊዚሽኑ፣ ማለትም መናፍቃንን የሚመረምረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት፣ በሰሜን እስፔን በናቫራ 1,802 ጠንቋዮችን በእሳት አቃጠለ ትላላችሁ። ለመሆኑ ያን ሁሉ ማገዶ ማን አቀረበላችሁ?

በኖቬምበር 1610 የፍርድ ቤቱ መቀመጫ በነበረችው በሎግሮኞ ከተማ የተቃጠሉት 6 ሰዎች ናቸው። ሌሎች 5 እስር ቤት ውስጥ ቀድመው ስለሞቱ ምስላቸው ተቃጠለ። ግፉ በዚህ ቁጥርም ግፍ ነው። 1,802 የሚባሉት ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ከሦስቱ የሎግሮኞ መርማሪዎች አንዱ የነበረው አሎንሶ ደ ሳላሳር በ1611 የምሕረት አዋጅ ይዞ መንደር ለመንደር ሲዞር ቃላቸውን የተቀበላቸው። ምሕረት የተደረገላቸውን ሰዎች ነው አመድ ያደረጋችኋቸው! ከእነሱም 1,384ቱ ልጆች ነበሩ፤ ሴቶቹ ከ12፣ ወንዶቹ ከ14 ዓመት በታች። ስለ ልጆቹ ግን ትንፍሽ አላላችሁም።

እኔን ያንገበገበኝ ይኼ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ፣ አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት የክፍሌ ልጅ ታመመች። ቤተሰቦቿ ጭስ እያጠኗት «ማነው የበላሽ? የቀጥቃጩ ልጅ ነው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷም አዎ አለች፤ ምን ትበል? ጎትተው ወሰዱኝና «እንትፍ በልባት» አሉኝ። አፌ ደርቆ ምራቅ አጣሁ። እንቢ ያልኩ መስሏቸው በጥፊ አጮሉኝ። በማግስቱ አብረውኝ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ሌሊት ጅብ ሆኜ እንዳዩኝ ማሉ። መምህራችንም እነሱን አምኖ ለብቻዬ የኋላ ወንበር ሰጠኝ።

ሳላሳርም የገጠመው እንዲሁ ያለ ወሬ ነው፤ ልጆች ሌሊት ከአልጋችን ተወስደን ሰይጣን ዘንድ አደርን ይላሉ። እሱ ግን ከመማል ይልቅ ማጣራት መረጠ። የአስማት ነው ተብሎ የመጣለትን ቅባት በእንስሳት ላይ አስሞከረው፤ ምንም አልሆኑም። ስለ ጥንቆላ መወራትና መጻፍ እስኪጀመር ድረስ በአገሩ ጠንቋይም የተጠነቆለበትም አልነበረም ብሎ ለበላዮቹ ጻፈ። በ1614 ማድሪድ ያለው የበላይ ምክር ቤት ሐሳቡን ተቀብሎ አዲስ መመሪያ አወጣ። ኢንኩዊዚሽኑ ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ከአይሁድነትና ከእስልምና የተመለሱትን ምን እንዳደረጋቸው የታወቀ ነው። እኔ የምለው ከመካከላቸው አንድ ቄስ «ማስረጃው የታለ?» አለ ነው። የእኛ መምህር አላለም።

ታዲያ ጸሐፊያችሁ «ደግነቱ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ብሎ ሲዘጋው ሳቄ መጣ። «እኛ» ያለው እነማንን ነው? ቡናውን የሚያፈላበትን ጀበና ማን እንደ ሠራው ጠይቆ ያውቃል?

ይህንኑ እርማት ሰኞ በኢሜይል ልኬላችሁ «አስተያየትዎን ተቀብለናል» ብላችሁኛል። ቁጥሩ ግን ዛሬም እዚያው ቁጭ ብሏል። እሱን አስተካክሉ፤ «አልነበረም» የምትለዋንም አውጡልኝ።

የሸክላ ሠሪዋ ልጅ
ከደብረ ማርቆስ