ኔደርን ማምለጫ አያድርጉት፦ ለስቴታችን የትራንስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሰብሳቢ፦

ለቢሮዎ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። ደውዬም ነበር። የሚመጣልኝ መልስ ሁሌም ያው ነው፤ "ስላነጋገሩን እናመሰግናለን፣ አስተያየትዎ ተመዝግቧል።" ከዚያ ዝም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ እያነበበው ይሁን ብያለሁ። በአማርኛ የጻፍኩትም በምክንያት ነው። በምርጫ ክልልዎ ያገለገለ መኪና ከሚገዛው ሰው ብዙው የኔ ወገን ስለሆነ፣ ጉዳዩን እሱም ይወቀው። እንግሊዝኛው እጅዎ ላይ አለ።

ባለፈው ከነዋሪዎች ጋር ባደረጉት ስብሰባ ላይ ተነስቼ ጠይቄዎታለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። አንድ መኪና አደገኛ ጉድለት እንዳለበት ፋብሪካው ራሱ አምኖ ሪኮል (መኪናውን አምጡና ልጠግን የሚል ጥሪ) ካወጀ በኋላ፣ ያ መኪና ሳይጠገን እንዴት ለሰው ይሸጣል? እርስዎ መኪናውን ትተው ስለ ራልፍ ኔደር፣ ለመኪና ደህንነት ሲሟገት ስለኖረው ጠበቃ፣ ማውራት ጀመሩ። የኔደር ዘመን አልፏል አሉ። በኮርቬር ላይ፣ አደገኛ ነው ባለው የጄኔራል ሞተርስ መኪና ላይ፣ ያወራው ሁሉ መሠረት እንደሌለው ተረጋግጧል አሉ። ሕግ ሲበዛ ሰው ይበልጥ በግድየለሽነት ይነዳል አሉ። በመጨረሻም ሰውዬው ቡሽን ፕሬዚዳንት አድርጎ ነው የሄደው አሉ። ፊት የተቀመጡት ሳቁ፣ ማይኩ ወደ ሌላ ሰው ተላለፈ፣ የኔ ጥያቄም እዚያው ቀረ።

እኔ ስለ እህቴ መኪና ነበር የጠየቅኩት።

ታናሽ እህቴ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ የለም። ያጠራቀመችውን ከዕቁቧ ጋር ደምራ ከአንድ ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ መኪና ገዛች። መኪናው ታጥቦ፣ ጎማው ሳይቀር ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር። ወረቀት በወረቀት ላይ እየደረቡ አስፈረሟት። ከወራት በኋላ ዘይት ልታስቀይር አንድ የኛ ልጅ ጋራዥ ሄደች። ልጁ ጥሩ ልማድ አለው፤ አይቶት የማያውቀው መኪና ሲመጣለት፣ ከፊት መስታወቱ ሥር በሾፌሩ በኩል ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ስልኩ ላይ ያስገባል። አስገባና ስልኩን አዙሮ አሳያት። መኪናው የፍሬን ሪኮል አለበት። የፍሬን ዘይት ሊያፈስ፣ ፍሬኑም ሊከዳ ይችላል ይላል። ሪኮሉ የወጣው እሷ መኪናውን ከመግዛቷ በፊት ነው። እሷ ግን ሁለት ልጆቿን ከኋላ አስቀምጣ በዚያ መኪና አውራ ጎዳና ላይ ስትነዳ ከርማለች።

የሪኮል ጥገና በነጻ ነው። ወሰድነው፣ በአንድ ጠዋት ተሠራ፣ አንድ ሳንቲም አልተከፈለም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ሻጩ ጎማውን ለማስቀባት ጊዜ ነበረው፤ ፍሬኑን በነጻ ለማሠራት ግን ጊዜ አልነበረውም። ሄጄ ስጠይቀው ምንም አልደነገጠም። "ሕግ አልጣስንም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልጣሰም።

ሕጉን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ሪኮል የወጣበትን አዲስ መኪና ሳይጠግኑ መሸጥ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ከ2016 ወዲህ ደግሞ (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከ35 በላይ መኪና ያለው አከራይ ድርጅት ሪኮሉ ያልተሠራለትን መኪና ማከራየት አይችልም። ይቺም የመጣችው በደም ነው። በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ወጣት እህትማማቾች ሪኮል የወጣበት የኪራይ መኪና ውስጥ ሞቱ። ማስታወቂያው ለአከራዩ ደርሶት ነበር። እናታቸው ዓመታት ለፍታ ነው ሕጉ የወጣው። ያገለገለ መኪና ላይ ሲደርስ ግን ክልከላው የለም። መስኮት ላይ የሚለጠፈው የገዢ መረጃ ወረቀት ሪኮል መኖሩን ራስህ አጣራ ይላል፣ በቃ። ስለዚህ አዲስ መኪና የሚገዛው ይጠበቃል። ለሦስት ቀን እረፍት መጥቶ የሚከራየውም ይጠበቃል። አዲስ የመግዛት አቅም የሌለው፣ ያንኑ መኪና እስኪሞት ድረስ የሚነዳው ሰው ግን ለራሱ ይወቅበት ተብሎ ተትቷል።

አሁን ወደ ኔደር ልምጣ፣ እርስዎ ስላነሱት።

ስለ ኮርቬር ያሉት ግማሹ እውነት ነው። መንግሥት አስጠንቶ በ1972 የወጣው ሪፖርት፣ ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩት ኮርቬሮች በዘመኑ ከነበሩት መሰሎቻቸው የተለየ አደጋ የለባቸውም ብሏል። ኔደር ሪፖርቱን አልተቀበለም፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልሞተም። ይሁን፣ ኮርቬር ከሌሎቹ የባሰ አልነበረም እንበል። ግን ኮርቬር በ1965 ካሳተመው መጽሐፍ 8 ምዕራፎች ውስጥ የመጀመሪያው ብቻ ነው። ትልቁ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ያኔ ሰው መኪና ውስጥ ሲሞት ኩባንያዎቹ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። ኔደር ደግሞ መኪናው ከተጋጨ በኋላ ሌላ ግጭት አለ አለ፤ ሰውየው ከመኪናው ከራሱ ጋር የሚጋጨው። የመሪው ዘንግ እንደ ጦር ደረት ይወጋ ነበር። ዳሽቦርዱ ብረት ነው። ቀበቶ መግጠም ግዴታ አልነበረም። ሾፌሩ ቢሳሳት እንኳን ስህተቱ በሞት መቀጣት የለበትም ነው የሰውዬው ነገር።

ኩባንያው ምን አደረገ? ጄኔራል ሞተርስ የግል መርማሪ ቀጥሮ አስከተለበት። ነገሩ ሲወጣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮች መጋቢት 1966 በሴኔት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመኪና ደህንነት ሕጉን ፈረሙ። ከ1968 ጀምሮ ቀበቶ፣ ሲገጭ ወደ ውስጥ የሚሰበሰብ የመሪ ዘንግ፣ ሌላም ሌላም ግዴታ ሆነ። ኔደር ከጄኔራል ሞተርስ በክስ ያገኘውን 425 ሺህ ዶላርም ለዚሁ የሸማቾች ሥራ ነው ያዋለው። በ1966 በአሜሪካ መንገዶች ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊዮን ማይል 5.5 ሰው ይሞት ነበር። በ2023 ቁጥሩ 1.26 ነው። ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ሥራ ነው አልልም። የመንገዱ መሻሻል አለ፣ የሕክምናው መሻሻል አለ፣ የመጀመሪያው የደህንነት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ዶክተር ዊልያም ሃደን አለ፣ በሴኔት የታገለው አብርሃም ሪቢኮፍ አለ። ግን ያ ሙግት ባይኖር ያ ፊርማ በዚያ ዓመት ይመጣ ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ልስማው።

ጥፋቱንም አልደብቅም። ኔደርና ጓደኞቹ ለኤርባግ ሲታገሉ ኖረው፣ በ90ዎቹ የመጀመሪያዎቹ ኤርባጎች ከኃይላቸው የተነሳ ሕጻናትንና አጫጭር ሴቶችን ገድለዋል። የተሠሩት ቀበቶ ላላሰረ ትልቅ ወንድ ተብለው ነበር። ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ነው የተሰማው። በ2000 የፕሬዚዳንት ምርጫ ፍሎሪዳ ላይ ቡሽ ያሸነፈው በ537 ድምጽ ነው፤ ኔደር ራሱም ተወዳድሮ እዚያው ከ97 ሺህ በላይ ድምጽ ወስዷል፤ እሱ ባይወዳደር ቡሽ አያሸንፍም ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። በዚህ የተነሳ ስሙን መስማት የማይፈልጉ ጓደኞች አሉኝ፣ አልፈርድባቸውም። እኔም ያኔ መወዳደሩን አልወደድኩለትም። ግን ክቡር ሰብሳቢ፣ ፍሎሪዳ ከእህቴ ፍሬን ጋር ምን ያገናኘዋል? በሰውዬው ላይ ያለዎትን ቂም ለምን በእሷ ላይ ይወጡታል?

ሕግ ሲበዛ ሰው ይፈነጫል ያሉትም አዲስ ነገር አይደለም። የቺካጎው የኢኮኖሚ ምሁር ሳም ፔልትዝማን በ1975 ያቀረቡት ክርክር ነው። ስለ ቀበቶና ስለ ኤርባግ ከሆነ ይከራከሩበት። እህቴ ግን ፍሬኗ ጉድለት እንዳለበት አታውቅም ነበር። የማታውቀው ነገር ቢጠገንላት ምን ብላ ነው በፍጥነት የምትነዳው? የጄኔራል ሞተርስን የቁልፍ ማብሪያ ጉዳይ ያስታውሱ። ቁልፉ ላይ ከባድ መያዣ ካለ ወይም መኪናው ከተንገጫገጨ ማብሪያው በራሱ ይዞር ነበር። ያኔ ሞተሩ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይፈነዳም። ኩባንያው ውስጥ ችግሩን ለዓመታት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ሪኮሉ የወጣው በ2014 ነው። የካሳ ፈንዱ 124 ሟቾችን ተቀብሏል። እነዚያ ሰዎች አልፈነጩም። ቁልፍ አዙረው ነዱ፣ ይኸው ነው።

ለኛ ደግሞ ኔደር የሩቅ ሰው አይደለም። በኛ አቆጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2019) የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅ 157 ሰው ሞቷል። ከነሱ አንዷ የኔደር የእህቱ የልጅ ልጅ ነበረች፣ 24 ዓመቷ። የ85 ዓመቱ ሽማግሌ ከወላጆቿ ጎን ቆሞ ቦይንግን ተሟገተ። ከዚያ በፊት በጥቅምት ወር ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ይዞ ወድቆ ነበር። ያኔ ምን ተደረገ? ለአብራሪዎች ማሳሰቢያ ተላከና አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። ጉድለቱ የአምራቹ ሆኖ ሳለ መጠንቀቁ የአብራሪው ሆነ። የኛ አብራሪዎች እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ታገሉ፣ አልሆነም።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የሚለውም ይህንኑ ነው። ጉድለቱን ፋብሪካው ያውቃል፤ ሻጩ በአንድ ደቂቃ ስልኩ ላይ ሊያየው ይችላል፤ መጠንቀቅ ያለባት ግን ሌሊት ሠርታ፣ እንቅልፍ ሳትጠግብ፣ በሁለተኛ ቋንቋዋ ወረቀት የምትፈርመው ሴት ናት። ይሄ ከ1966 በፊት የነበረው ነገር ነው። ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ይባል የነበረበት ዘመን። እርስዎ የኔደር ዘመን አልፏል ሲሉ፣ ለኛ ዓይነቱ ሰው ገና አልደረሰም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ነጋዴ ያገለገለ መኪና ከመሸጡ በፊት መለያ ቁጥሩን ያጣራ፤ ሪኮል ካለ ሳይጠገን አይሽጥ። መለዋወጫው ገና ካልመጣ መኪናው ቆሞ ይጠብቅ። ነጋዴዎቹ ይህን ካደረግን እንከስራለን እንደሚሉ አውቃለሁ። ክስረታቸውን ይምጡና ለእህቴ ልጆች ያስረዱ።

በሚቀጥለው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እመጣለሁ፣ ይህን ያነበቡ ብዙዎችም አብረውኝ ይመጣሉ። ያኔ የምንጠይቅዎት ስለ ኔደር አይደለም። ይህን ሕግ ለኮሚቴዎ ያቀርባሉ ወይስ አያቀርቡም? አዎ ወይም አይ ብለው ይመልሱልን።