ይድረስ ለጋሼ፣ ከሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ አድገዋል። አማርኛቸውን በስልክ ሰምተውታል፣ እሱን ተዉት።

ባለፈው ቅዳሜ ኩዊን ሜሪን ላሳያቸው ይዣቸው ሄድኩ። አዎ፣ ያቺን መርከብ! እርስዎ ከፓርኪንግ ሥራዎ ባረፉበት ቀን ከወሰዱን ወዲህ ረግጫት አላውቅም ነበር። የልጅነት ነገር ሲመለሱበት ያንሳል ይባላል። 310 ሜትር መርከብ ግን አያንስም። ሦስቱ ቀያይ ጭስ ማውጫዎች ገና ከመንገዱ ሲታዩኝ ልቤ ድው አለ።

አጠገቧ ያለው ነጩ ጉልላት ትዝ ይልዎታል? የአሜሪካዊው ባለጸጋ የሃዋርድ ሂዩዝ ግዙፍ አውሮፕላን የነበረበት? አውሮፕላኑ ኦሪገን ከሄደ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ቤቱ ካርኒቫል የሚባለው የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ ተሳፋሪዎች መግቢያ ነው። አንዷ መርከባቸው ቆማ ነበር፤ ባሕር ላይ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ትመስላለች። የኛዋ ቀጠን፣ ረዘም ብላ ስትታይ ያምርባታል። አድልቼ ይሆናል።

የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ግን አብዛኞቹ የሉም። በስብሰው፣ ክብደታቸው ጎኗን እየጎዳው ስለነበር አነሷቸው። ራሷም በኮሮና ጊዜ ተዘግታ፣ እንደገና ለጎብኚ የተከፈተችው በ2023 ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግራጫ ተቀብታ ወታደር ታመላልስ እንደነበር ነግረውን ነበር። በ1943 በአንድ ጉዞ ብቻ 16,683 ሰው ጭናለች። «የት ተኙ?» አለኝ ልጄ። ባዶው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሳይቀር አልጋ ደርድረው ነበር አልኩት። አላመነኝም።

ታች ወርደን መርከቧን በውሃ ላይ ይገፋት የነበረውን ፕሮፔለር አየን። የቀራት እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ሦስቱን ፈተውባታል። ብረት አጥሩን ተደግፈው ቁልቁል ሲያዩ፣ አረንጓዴ ውሃ ውስጥ በመብራት ቁጭ ብሏል። አንዱ ቅጠል ብቻ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ውሃው ትንሽ ሲነቃነቅ የሚዞር ይመስላል። ትንሿ ልጄ እግሬ ሥር ተወሸቀች።

እዚያው ቆሜ የያኔው ጨዋታዎ ትዝ አለኝ። «ይቺ አዲስ አበባ ትወስደናለች?» ብዬ ስጠይቅዎ፣ «ጅቡቲ ካደረሰችን ይበቃል፣ ከዚያ ባቡር አለ» አሉኝ። በ1967 እዚህ መጥታ፣ የእንፋሎት ቦይለሮቿን አውጥተውባት እንደቀረች ያወቅኩት አድጌ ነው። እርስዎ ግን ያኔም ያውቁ ነበር አይደል? ሁላችን ሳሎኑን ለማየት ስንጋፋ፣ እርስዎ ደጅ ቆመው ወደ ባሕሩ ሲያዩ ቆዩ። ዛሬ እኔም ከአርባ አልፌ እዚያው ስቆም ገባኝ መሰለኝ። እርስዎስ ተሳክቶልዎት አገርዎ ገቡ፣ ተመስገን።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም እልካለሁ፤ እትዬ ትክፈትልዎት። ያኔ መርከቧ ላይ ያነሱን ፎቶ ሻንጣዎ ውስጥ ካለ ይፈልጉልኝ። ልጆቹ እኔ እዚያ መሄዴን ተጠራጥረዋል። የጉልበትዎን መድኃኒት በሰው ልኬያለሁ፣ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት።

አክባሪ ልጅዎ