መርፌው በገበያ ቀን ይቆጠር

ውድ አዘጋጅ፦

ለተሠራጨ የፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው የጎሰረሊን መርፌ «በየወሩ»፣ «በየሦስት ወሩ» ነው ይባላል። የእኛ ወር ደግሞ 30 ቀን ነው። 3.6 ሚሊ ግራሙ ግን በ28፣ 10.8ቱ በ84 ቀን ነው የሚደገመው። መስከረም 1 ቀን 10.8ቱን የተወጋ ሰው ተራው ኅዳር 25 እንጂ ታኅሣሥ 1 አይደለም። ሁለቱም በሙሉ ሳምንታት ስለሚቆጠሩ ከደጀን እስከ ዳንግላ ላለ ገበሬ የሚቀለው በገበያ ቀን መቁጠር ነው፤ ማክሰኞ የተወጋ፣ የተወጋበትን ቀን ሳይቆጥር፣ ትንሹን በአራተኛው፣ ትልቁን በአሥራ ሁለተኛው ማክሰኞ ይደግማል። ከዘገየ መርፌው የሚያወርደው የወንድ ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮኑ፣ ሊያንሰራራ ይችላል።

የመጀመሪያው መርፌ ሌላ ጣጣ አለበት። ሆርሞኑን ከማውረዱ በፊት ለአንድ ሁለት ሳምንት ሽቅብ ይሰደዋል። የሆርሞኑን ሥራ የሚያግደው ኪኒን፣ ባይካሉታማይድ 50 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ፍሬ ቀደም ብሎ የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ኪኒኑን መተው አጉል ቁጠባ ነው። ካንሰሩ አከርካሪ ላይ ካለና እግር ከከዳ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይኬድ።

ድንገት ግንፍል የሚለው ሙቀትና ላብ በአብዛኛው የመድኃኒቱ ነው። ቆላ ያለ ሰው ግን የወባ ምርመራውን አይተው።

ከደብረ ማርቆስ