ሞገድ ያነባል እንጂ ባለቤቴን አያውቅም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ፓርኪንሰን በተባለው፣ ሰውነትን በሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን በሚያዘገይ የአንጎል ሕመም ለተያዙ ሰዎች በአንጎል ውስጥ ስለሚተከሉት፣ እንደ ሁኔታው ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ አንዲት ዓረፍተ ነገር አንገብግባኛለች። «መሣሪያው ሕመምተኛው የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቃል» ብላችኋል። አያውቅም!

መሣሪያው የሚያነበው ቤታ የተባለውን፣ በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን የአንጎል ሞገድ ነው። ሞገዱ ሲያይል ኤሌክትሪኩን ከፍ፣ ሲረግብ ዝቅ ያደርጋል፤ ያውም ሐኪሙ በወሰነለት ልክ ውስጥ። ይህ ሞገድ የሚናገረው ስለ ሰውነት መገተርና ስለ እንቅስቃሴ መዘግየት ነው። ትልቅ እመርታ መሆኑን አልክድም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2025 ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች ሲፈቅደው ከልቤ ተደስቻለሁ። ጠባይን ግን አይለካም።

ባለቤቴ የተተከለለት ያለማቋረጥ በአንድ መጠን የሚሠራው የቀድሞው ዓይነት ነው። መጠኑ ከፍ በተደረገለት ሰሞን የሸሚዙን ቁልፍ ያለ ማንም እርዳታ ቆለፈ፤ አለቀስኩ። ወዲያው ግን እንቅልፍ አጣ። እኩለ ሌሊት ተነስቶ ሬዲዮ ይፈታታል፣ ለማያውቀው ሰው ገንዘብ ያበድራል፣ «ተው» ሲሉት ይቆጣል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲሉት «እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም» አለ። አልዋሸም። ተራመድ ተባለ፣ ተራመደ፤ ተመዘገበለት። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ የጠየቀኝ የለም። መጠኑ የተቀነሰው ዕዳው ከመጣ በኋላ ነው።

ዛሬም ቢሆን ያንን ጊዜ ይናፍቃል። ታዲያ ስለ ሕክምናው የትኛው ባለቤቴ የሰጠው ፈቃድ ነው የሚጸናው፤ መጠኑ ከፍ ሲል የነበረው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ ያለው? ዘገባችሁ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነበር። መጠኑ በሐኪም እጅ ሲቀየር ቢያንስ ቀኑ ይታወቃል፤ እኔም ለውጡን ከዚያ ቀን ጋር አገናኘሁት። በየቅጽበቱ ራሱን የሚቀያይር መሣሪያ ሲሆን ግን ቤተሰብ የቱን ከየቱ ያገናኛል?

ሐኪሙን ጠይቃችኋል፣ መሐንዲሱን ጠይቃችኋል፣ የሥነ ምግባር ምሁሩንም ጠይቃችኋል። ከሕመምተኛው ጋር የሚያድረውን ሰው ግን ከቁም ነገር አልቆጠራችሁትም። «አስታማሚ» የሚለው ቃል እንኳ በዘገባው ውስጥ አልተጻፈም! እኔ የምለው፣ ሕመምተኛው ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚያምነውን ሰው ይምረጥ፤ ያ ሰው በየክትትሉ ገብቶ ያየውን ይናገር፤ የተናገረውም ከሞገዱ ንባብ ጎን ይመዝገብ።

እስከዚያው ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልን።

አንዲት አስታማሚ