አራት ሰከንድ፣ አንድ ማይል

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ ትምህርት ቤት ገቡ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለታችንም በየኑሯችን ተወጥረን ዓመታት ነጎዱ። በመካከሉ የሆነው ብዙ ነው፤ እሱን ስንገናኝ እናወራዋለን። ዛሬ ብዕር ያስጨበጠኝ ካንተ በቀር በወጉ የሚሰማኝ ሰው የማላገኝበት ጉዳይ ነው፤ ሰዓት።

እዚህ ለንደን አሮጌ ሰዓቶች የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ማርክ 11ን በእጄ ይዤ አየሁት። የስዊዘርላንዱ ሰዓት ሠሪ ድርጅት፣ የሻፍሃውዘኑ አይ ደብሊው ሲ፣ ለብሪታኒያ ንጉሣዊ አየር ኃይል ናቪጌተሮች፣ ማለትም ለአቅጣጫ መሪዎች፣ የሠራው ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ማብቂያ አንስቶ እስከ 1981 ድረስ አገልግሏል። ወርቅ የለበትም፣ ቀን አይቆጥርም፣ ስፋቱም 36 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጥቁር ገጽ፣ ነጭ ቁጥሮች፣ የመንግሥት ንብረት መሆኑን የምትናገር አንዲት የቀስት ምልክት፤ ያለው ይኸው ነው። ሆኖም ሽማግሌው እጃቸውን እስኪዘረጉ ድረስ መልሼ ላስቀምጠው አልቻልኩም።

እስቲ ያን ናቪጌተር አስበው። ሌሊት ነው፤ አውሮፕላኑ ከባሕር በላይ ነው፤ ከታች አንድም መብራት አይታይም። ሰውየው ከአውሮፕላኑ ጣሪያ ላይ ባለችው የመስታወት ጉልላት ሥር ቆሞ በሴክስታንት፣ በማዕዘን መለኪያው መሣሪያ፣ የኮከብ ከፍታ ይለካል። ልኬቱ ብቻውን ግን የትም አያደርሰውም፤ የለካበትን ሰከንድ ማወቅ አለበት። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ሰዓቱ አራት ሰከንድ ቢሳሳት፣ በምድር ወገብ አካባቢ ያለበት ቦታ በአንድ የባሕር ማይል ይዛነፍበታል። አንድ ደቂቃ ቢሳሳት ደግሞ 15 የባሕር ማይል፣ ማለትም ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ነዳጁ እያለቀ የአውሮፕላን ማረፊያ ለሚፈልግ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንተው ፍረደው። እኔን የማረከኝ ይህ ነው፤ በዚህ ሰዓት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለዚያ ሰው መልስ መስጠት አለበት።

አንተ ደግሞ ወደ ውስጥ ማየት ትወዳለህ። የጀርባው ክዳን ሲከፈት የሰዓቱ ሞተር ወዲያው አይታይም፤ ከሥሩ ሌላ የለስላሳ ብረት ክዳን አለ። ገጹም ከዚያው ብረት የተሠራ ስለሆነ ሞተሩ በሁሉም በኩል ተከልሏል። አውሮፕላን በኤሌክትሪክ ሞተርና በራዳር መሣሪያ የተሞላ ነው፤ ማግኔት ደግሞ የሰዓቱን ምት የምትቆጣጠረውን ቀጭን ጥቅልል ሞላ እርስ በርስ ሲያጣብቃት ሰዓቱ መቸኮል ይጀምራል። የብረቱን ክዳን ስታነሳው አልበርት ፔላቶን የነደፈው ሞተር፣ ካሊበር 89፣ ብቅ ይላል። በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል። አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢያዩት አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አያነሱም ነበር።

መሙያውን ስትስበው ሰከንድ ቆጣሪው ባለበት ይቆማል፤ የሬዲዮው የሰዓት ምልክት ሲሰማ መልሰህ ትጫነዋለህ። መስታወቱ በከፍታ ላይ የአየር ግፊት በድንገት ቢቀንስ ተፈናጥሮ እንዳይወጣ በቀለበት ታስሯል። የማሰሪያው ዘንጎች ከቀፎው ጋር አንድ ላይ የተበየዱ በመሆናቸው ተነቅለው የሚወድቁ አይደሉም። ወደ ሠራዊቱ ከመሄዱ በፊትም ያኔ በደቡብ እንግሊዝ ሄርስትሞንሱ በነበረው የግሪንዊች ንጉሣዊ የሥነ ፈለክ ተቋም ይፈተሽና ይስተካከል ነበር።

የሚሞላውም በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ አውሮፕላኑ የትም ይብረር። ይህ ለእኔና ላንተ አይከብደንም። ትንሿ ጠቋሚ 12 ላይ ቆማ እያየን «ስድስት ሰዓት ሆነ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። ደግሞ ልብ በል፤ ግሪንዊች 9 ላይ ሲጠቁም እናንተ ዘንድ ልክ ስድስት ሰዓት፣ ቀትር ነው። ሦስት መቀነስ ብቻ ይበቃል። ይህን ሰዓት እጄ ላይ አስሬ፣ ሳልነካካው፣ ፒያሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ማወቅ እችላለሁ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም።

አሁን ምክርህን ወደምሻበት ነገር ልምጣ። ሽማግሌው ሁለት አላቸው። የአንዱ ገጽ ከፋብሪካው እንደወጣ ነው፤ ቁጥሮቹ በጨለማ እንዲያበሩ የተቀባው የራዲየም ቀለም ጠቁሯል፣ ማንም አልነካውም። እንዲህ ያለው እምብዛም ስለማይገኝ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት እሱን ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። የሌላው ገጽ ተቀይሯል። የራዲየም ጨረር አደገኛ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አየር ኃይሉ ሰዓቶቹን እየሰበሰበ ራዲየሙን ጉዳቱ አነስተኛ በሆነው በትሪቲየም ይተካ ነበር፤ ለምልክት በክብ ውስጥ የታተመች ቲ አለችበት። የዚህኛው ጠቋሚዎችም የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ ከክዳኑ ውስጥ የጠጋኞች ጭረት ሞልቷል።

እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መሣሪያ እኮ ሲሠራ ይጎዳል፣ ሲጎዳ ይጠገናል። ያ ሰዓት ገጹ የተቀየረው አገልግሎቱ ገና ስላላበቃ ነው። ተጠግኖ እንደገና ወደ ሰማይ ወጥቷል። ሰብሳቢዎች ይህን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት አልስማማም፤ እንዲያውም አዝናለሁ። ያልተነካውን ባከብረውም፣ የተጠገነው ይበልጥ ሰዓት ሆኖ ይታየኛል።

ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ግን ያንተን ቃል እፈልጋለሁ። አባትህ ክዳን ሳይከፍቱ ስለ ዋጋ አይናገሩም ነበር፤ አንተም እንደዚያው ነህ። የውስጠኛው ብረት ዝገት ቢኖርበት ምን ያህሉ ያሳስባል? የሞላዋን ጤንነት በዓይን ብቻ መለየት ይቻላል? ከላከው ፎቶግራፍስ ትፈርዳለህ? ሽማግሌው እስከ ወሩ መጨረሻ ሊያቆዩልኝ ፈቅደዋል።

ፒያሳ ከፈረሰ በኋላ ሱቃችሁ ወዴት እንደተዛወረ አልሰማሁም። አዲሱን አድራሻ ጻፍልኝ። ለገና ልመጣ አስቤአለሁ፤ ከገዛሁት መጀመሪያ የሚከፍተው ሰው አንተ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ዘይቱንም እስከዚያው ማንም እንዲቀይረው አልፈቅድም።

እናትህን ጉልበት ሳምልኝ።

ናፋቂ ወዳጅህ