ሲሚንቶው ሳይፈስ ይድረስህ

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ፤ እኔ ደህና ነኝ። አራት ወር ሙሉ ሳልጽፍ ስለ መቆየቴ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን የሚያስቸኩለኝ የግቢው ነገር ነው። ለቤቱ እድሳት በላክሁት ገንዘብ ከእህታችን ሠርግ በፊት ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ሲሚንቶ ልታስነጥፍ፣ አባታችን የተከለውንም ዛፍ ልታስቆርጥ ማሰብህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከሠራተኞቹ ጋር ተዋውለህ ከሆነም እባክህ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ አስታግሣቸው።

ገንዘብ ስለላከ ከሩቅ ሆኖ ያዝዘናል ብትል አልፈርድብህም። አባታችን ሲታመም አጠገቡ የነበርኸው አንተ ነህ፤ ጣሪያው ሲያፈስ የወጣኸውም አንተ ነህ። ይሁን እንጂ ይህን የምለው ከወሬ ሰምቼ አይደለም። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሁለት ዓመት የሠራሁት የሰው ግቢ በኮንክሪት ማንጠፍ ነበር። ይህን ለእናታችን አታንብብላት፤ ጉልበቴም ቢሆን አሁን ተሽሎታል። አንድ ግቢ እንደ መስታወት አድርገን አለስልሰን አስረከብን፤ ባለቤቶቹም እጅግ ተደሰቱ። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ግን ተጠርተን ስንሄድ ውሃው መግቢያ አጥቶ ደጃፋቸውን አልፎ ምንጣፋቸውን አርሶት፣ የተረፈውም የጎረቤትን ግንብ ሥር ሥሩን ሲሸረሽረው አገኘን። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ግቢ ላይ 20 ሚሊሜትር ቢዘንብ 2000 ሊትር ይወርዳል። አፈር ቢሆን አብዛኛውን ይጠጣው ነበር። በበጋ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ መዳፌን ኮንክሪቱ ላይ ባሳርፍ አቃጠለኝ፤ ፀሐይ ከገባች በኋላም ቀን የጠጣውን ሙቀት በመስኮት በኩል ወደ ቤት ሲመልሰው ያመሽ ነበር።

ሲሚንቶ ራሱ የሚሠራው የኖራ ድንጋይን 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት በማቃጠል ነው፤ ከድንጋዩም ከነዳጁም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲደመር የሰው ልጅ በየዓመቱ ወደ አየር ከሚለቀው ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። እንግዶቻችን ጭቃ እንዳይረግጡ መፈለግህ ተገቢ ነው። ለዚህ ግን ከበሩ እስከ ደጃፉ ጠፍጣፋ ድንጋይ በመካከሉ ክፍተት እየተውህ ብታስነጥፍ፣ ሰው የሚቆምበትንም ጠጠር ብታለብሰው ይበቃል። ከዛፉ ዙሪያ ግን አታስቆፍር፤ ውሃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ከላይኛው አፈር ብዙም አይርቁም፤ ከቅርንጫፎቹ ጥላም አልፈው ይዘረጋሉ። የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ አስመልምለው።

አሁን የምጽፈው ግን ከዛፉም ይበልጥብኛል። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር እናታችን ሳሏ አላስጨርስ ብሏት ስልኩን ላንተ ስትሰጥህ ሰማሁ። የዝምታዬ ምክንያት ይኸው ነው፤ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ያ ሳል ጆሮዬ ላይ እየመጣ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፋኝ። እኔ ርቄ እሷ በዚያ ጠባብ ማድቤት በጭስ ዓይኗን እያሸች ታበስላለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ከላክሁት ገንዘብ የመጀመሪያው ለማድቤቱ ይሁን፤ መብራቱ የማይቋረጥ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ጭሱን በቧንቧ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ፣ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ግዛላት፤ መስኮቱንም አስፋው። ወደ ሐኪምም ውሰዳት፤ ደህና ነኝ ብትልህ አትመናት።

የረገፈውን ቅጠል ከፌስታል ጋር አንድ ላይ ማቃጠሏንም በፍቅር አስተዋት፤ የፕላስቲክ ጭስ መርዝ ነው። ቅጠሉን በግቢው ጥግ ከምሩት፤ ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠል፣ አንድ እጅ የአትክልት ልጣጭና እርጥብ ሣር እየደራረባችሁ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። ሥጋና ዘይት አይግባበት። እኔ እዚህ በአንድ ባልዲ እሠራለሁ። አንድ እፍኝ አንሥቼ ስጨምቀው ጠብታ ሁለት ጠብታ ብቻ ሲወጣው እርጥበቱ ልክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሲበስልም ጥቁር ሆኖ ዝናብ የመታው አፈር ይሸታል። ይህን ሽታ ለማሽተት ስል ክዳኑን ያለ ሥራ የምከፍትበት ማታ አለ። ያው ልጣጭ በቆሻሻ መጣያ ታፍኖ ሲበሰብስ ግን ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል።

ከማድቤቱ የሚተርፈውን ገንዘብ ለአሸንዳና ለውሃ በርሜል አድርገው። ጣሪያችን 60 ካሬ ሜትር ቢሆን 10 ሚሊሜትር ዝናብ ወደ 600 ሊትር ይሰጣል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ይፍሰስ፤ በርሜሉም በወንፊት ይከደን፤ አለዚያ ትንኝ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይፈላበታል። ውሃው ለተክልና ለልብስ እንጂ ለመጠጥ አይሁን። የሚያንጠባጥበውንም ቧንቧ አሠራው፤ በሰከንድ አንዲት ጠብታ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ሊትር ታባክናለች። አምፖሎቹ ሲቃጠሉ በኤልኢዲ መተካት እንዳለባቸው አንተም ታውቀዋለህ።

ለሙሽራዋ እህታችን ሌላ ደብዳቤ እጽፍላታለሁ፤ በሠርጓ ቀን አለመገኘቴን እንዴት ብዬ እንደምነግራት ገና አላወቅሁም። ፊደል የቆጠረችው በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር እኔ እያስቆጠርኋት ነበር፤ ግንዱን ተደግፋ የምትነሣው ፎቶግራፍ እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ። የጣሪያውን ርዝመትና ስፋት ለክተህ ላክልኝ፤ የጎደለውን ገንዘብ በሚቀጥለው ወር እሞላለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዛፉ አለመቆረጡን በአንድ መስመርም ቢሆን ጻፍልኝ።

ናፋቂህ፣
ታላቅ ወንድምህ