የከሰል ዋጋ በማዳበሪያ ሳይሆን በኪሎ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በገበያ ዋጋ አምዳችሁ ከጤፍ፣ ከበርበሬና ከዘይት ቀጥሎ የከሰልን ዋጋ ማውጣት መጀመራችሁ በደጋ ለምንኖር አንባቢዎች ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዋጋው «አንድ ማዳበሪያ ከሰል ይህን ያህል ብር» ተብሎ ብቻ ስለሚወጣ፣ የደብረ ብርሃኑን ከሸዋ ሮቢቱ፣ የሸዋ ሮቢቱንም ከአዲስ አበባው ጋር ላስተያይ የሚል ሸማች ምንም አይጨብጥበትም። ጤፉ በኪሎ፣ ዘይቱ በሊትር ሲነገር ከሰሉ ብቻ ልኩ ባልታወቀ ከረጢት ይነገራልና።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ሰማዩ ጠርቶ ያድርና ንጋት ላይ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ይታያል። በዚህ ወቅት ከሰል ለቡናና ለወጥ ብቻ ሳይሆን ቤት ለማሞቅም ይገዛል። ኩበቱና የባሕር ዛፉ ጭራሮ ለምጣድ ይሆናሉ እንጂ በጭሳቸው ምክንያት ሕፃንና አረጋዊ ወዳሉበት ክፍል የሚገቡ አይደሉም፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ቢሆን የሚያገለግለው መብራት እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ የከሰል ዋጋ በዚህ ከተማ የእያንዳንዱ ቤት የወር ወጪ አካል ነው።

እስቲ ይህ «ማዳበሪያ» የምንለው መለኪያ ምን እንደሆነ እንመልከተው። ከረጢቱ ገበሬው 50 ኪሎ የአፈር ማዳበሪያ ገዝቶበት ባዶ የቀረው ነው። ከሰል በባሕርዩ ቀላልና አየር የበዛበት ስለሆነ ያው ከረጢት በከሰል ሲሞላ የዚያን ግማሽ እንኳ ላይመዝን ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ ከረጢቱ አፍ ላይ ዙሪያውን ጭራሮ ሰክተው፣ በገመድ እየሸረቡ የሚሠሩለት ቆብ አለ። አንዱ ነጋዴ ቆቡን ክንድ ያህል ያስረዝመዋል፣ ሌላው ከአፉ ጥቂት ከፍ አድርጎ ይቋጨዋል፤ ሁለቱም ግን አንድ ማዳበሪያ ተብለው ይሸጣሉ። በሽሩቡ ቀዳዳ የሚታየው ሁልጊዜ ጉማጅ ጉማጁ ከሰል ነው፤ ቤት ተወስዶ ሲዘረገፍ ግን ከሥሩ ደቃቁና አፈሩ፣ አንዳንዴም እሳት በቅጡ ያልነካው እንጨት ይወጣል። ይህኛው ደግሞ ማንደጃ ላይ ሲደረግ ሙቀት ሳይሆን ጭስ ነው የሚሰጠው።

በምሳሌ ላስረዳ። አንዱ ማዳበሪያ 1,200 ብር፣ ሌላው 1,000 ብር ነው እንበል። የጋዜጣ ዋጋ አንብቦ የሚወጣ ሰው ያለ ጥርጥር ሁለተኛውን ይገዛል። የመጀመሪያው 30 ኪሎ፣ ሁለተኛው 20 ኪሎ ቢመዝን ግን አንደኛው በኪሎ 40፣ ርካሽ የመሰለው 50 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። የአንድ ሩብ ጭማሪ ከፍሎ ያተረፈ የሚመስለው ሸማች ብዙ ነው።

«ከሰል እንደ እንጨቱ ዓይነት ይለያያልና በኪሎ ማነጻጸር አያስኬድም» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። በእኔ አስተያየት በኪሎ መሸጥ ያለበት ይልቁንም በዚህ ምክንያት ነው። ከቆላው የሚመጣው የግራር ከሰል ጥቅጥቅና ከባድ ሲሆን ከባሕር ዛፍ የሚከስለው ቀለል ይላል፤ አንድ ማዳበሪያ ግራርና አንድ ማዳበሪያ ባሕር ዛፍ የማይገናኙትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ሁለቱም በደንብ ከበሰሉና ከደረቁ አንድ ኪሎ ግራር የሚሰጠው ሙቀት ከአንድ ኪሎ ባሕር ዛፍ እጅግ የተለየ አይደለም። የግራሩ ፍም ይቆያል፣ የባሕር ዛፉ ቶሎ ያልቃል የምንለው በአብዛኛው አንድ ማንደጃ የሚይዘው ክብደት ስለሚለያይ ነው። ሚዛን ይህን ልዩነት በአብዛኛው ያስተካክለዋል። ሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ከሰል ሲገዛ በቶን ያስመዝናል፣ የአመዱንና የእርጥበቱን መጠንም ያስመረምራል፤ የቤት እመቤት ግን በዓይን ገምታ ትግዛ የተባለበት ምክንያት አይገባኝም።

ሁለተኛው መቃወሚያ የበለጠ ክብደት አለው፤ በሚዛን ከተሸጠ ነጋዴው ውኃ ይረጭበታል የሚለው ነው። ከሰል ውኃ አጥብቆ ስለሚመጥ ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም የረጠበ ከሰል ራሱን አይደብቅም። ደረቅና በደንብ የበሰለ ከሰል ሁለት ጉማጁ ሲጋጭ እንደ ብረት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፣ ሲሰበርም ውስጡ ያብረቀርቃል፤ የረጠበው ድምፁ የታፈነ፣ መልኩም የደበዘዘ ነው። ገዢው ከረጢቱን አስፈትቶ ከመካከሉ እንዲያይ ከተፈቀደለት የውኃው ነገር ከደቃቁና ከአፈሩ ጋር አብሮ ይጋለጣል። አሁን ግን ቆቡን ማስፈታት በገበያው እንደ ነውር ይቆጠራል፤ እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄ «ካላመንክ ሂድ» ተብያለሁ።

በጉልት በጣሳና በሳህን የሚሸጡትን እናቶች የምከስስ እንዳይመስልብኝ። እነርሱም ከመኪና ሲረከቡ በዚያው ባልተመዘነ ማዳበሪያ ስለሚገዙ፣ ደቃቅ የበዛበት ከረጢት የደረሳቸው ቀን ኪሳራው የእነርሱ ነው። ከጎናቸው ድንችና ሽንኩርት የሚሸጡት ሁሉ ሚዛን አላቸው፤ የከሰል ተራውም አንድ የጋራ ሚዛን ቢቀመጥለት መጀመሪያ የሚጠቀሙት ቸርቻሪዎቹ ናቸው።

በከተሞች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነትም መልክ የሚይዘው በኪሎ ሲሰላ ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ጣርማ በርን የሚወጣ ከሰል የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ዋጋ ይጨመርበታል፤ ኬላ ላይም ይቆማል። እነዚህ ወጪዎች በኪሎ ስንት እንደጨመሩ ቢታወቅ፣ ተጓዡ ከመንገድ ዳር ገዝቶ መምጣት ያዋጣው እንደሆነ ሊያሰላ ይችላል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ምን እንደሆነም ለመጠየቅ መነሻ ይኖረናል።

የከሰል መወደድ ሌላም መዘዝ አለው። ፍሙ እንዳይባክን ብሎ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ማንደጃውን አልጋ አጠገብ አስቀምጦ የሚተኛ ሰው በየክረምቱና በየበጋው ብርድ አይጠፋም። ጭሱ ያለቀለት ቀይ ፍምም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ እስከዚያም ድረስ መስኮቱ ገርበብ ማለት ይኖርበታል። የዋጋ አምዳችሁ ከከሰሉ ዋጋ ሥር ይህንኑ በአንድ መስመር ቢያስታውስ ቦታ አያጣብብም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የንግድ ጽሕፈት ቤቶች ይህን በከሰል ተራ እስኪያስፈጽሙ ድረስ እናንተ ልትጀምሩት ትችላላችሁ። ዘጋቢያችሁ በየከተማው ሁለት ሦስት ማዳበሪያ አስመዝኖ የኪሎውን ዋጋ፣ የእንጨቱን ዓይነትና የተገዛው ከመንገድ ዳር፣ ከጅምላ ወይም ከጉልት መሆኑን ለይቶ ቢያወጣ በቂ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ የብርዱን ወራት ከሰል የሚሸምተው በጥቅምት ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ዝርዝር ከዚያ በፊት ቢደርሰን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን